ራሱን ይሞላል ስለ ተባለው ሰዓት

የቡና ወቅት በደረሰ ቁጥር በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፥ ማለት በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡ፥ በሰቃና በሸቤ፥ ከቡናው ጋር አብሮ የሚበረክት አንድ ነገር አለ። ይኸውም የእጅ ሰዓት ነው። ቡናው በጥቅምትና በኅዳር እየቀላ ሲለቀም፥ ከዚያም ደርቆ ሲሸጥ፥ በሰው እጅ ገንዘብ ይገባል፤ ገንዘብ መግባቱን የሰማ ሱቅ በደረቴም ሣጥኑን በደረቱ አንጠልጥሎ ከጅማ መርካቶ እስከ ገጠር ገበያ ድረስ ይወርዳል። በሣጥኑ ውስጥ መነጽር፥ ቀበቶ፥ የስልክ ገመድ፥ ከሁሉም በላይ ግን የሚያብረቀርቅ ሰዓት ይገኛል። ከሰዓቶቹም መካከል በዋጋው ከፍ ያለው፥ ሻጩም በተለየ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሥር የሚያወጣው፥ በፊቱ ላይ «አውቶማቲክ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ነው።

እኔም አስተያየት ለመስጠት የፈለግሁት ስለዚሁ ሰዓት ነው። ርእሱ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚወጣ መጽሔት ያንሳል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የቡና ገንዘብም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ መሆኑን ለሚያውቅ ወላጅ ነገሩ ትንሽ አይደለም። ከዚያ ገንዘብ ለቤት ቆርቆሮ ይገዛል፥ ለልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል፥ ዕዳ ይከፈላል። ከዚሁ ላይ ተቀንሶ የተገዛ ሰዓት በስድስት ወር ሲቆም፥ ሌላ ለመግዛት የሚቀጥለውን ኅዳር መጠበቅ ግድ ነው፤ ያውም ዝናቡ በጊዜው ከመጣና ዋጋው ከቀና።

አሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። ርካሽ አውቶማቲክ ሰዓት ከመግዛት በባትሪ የሚሠራ ተራ ሰዓት መግዛት ይሻላል፤ በሞላ የሚሠራ ሰዓት የግድ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ደግሞ አዲስ ርካሽ ከሚገዛ አሮጌ ደኅና ይግዛ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ አውቶማቲክ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ቃሉ «ከሁሉ የበለጠ» ማለት ይመስላቸዋል። ትርጉሙ ግን ራሱን በራሱ የሚሞላ ማለት ብቻ ነው። አያቶቻችን ያሥሩት የነበረው ሰዓት በየጧቱ መሙያው በጣት እየተጠመዘዘ ይሞላ ነበር። በውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን የብረት ሞላ አለ፤ ሞላው ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ይገፋል፤ መዘውሮቹ እንዳይሮጡም ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር በየተራ ታስይዛቸዋለች፥ ታስለቅቃቸዋለች። ጆሯችንን ስናስጠጋ የምንሰማው ድምፅ የዚህ መያዝና መልቀቅ ድምፅ ነው። አውቶማቲኩ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ከጀርባው ግማሽ ክብ የሆነ ከበድ ያለ ብረት ተጨምሮበታል፤ እጃችን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብረቱ ይዞራል፥ ሲዞርም ሞላውን ይጠቀልላል። ስለዚህ አውቶማቲክ መሆን ጣትን ከድካም ያድናል እንጂ ሰዓቱን ይበልጥ ትክክለኛ አያደርገውም። ሞልቶ ካደረም በኋላ ከእጅ ቢወልቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አርባ ሰዓት ያህል ሄዶ ይቆማል።

ይህን ብልሃት ለእጅ ሰዓት ካዋሉት መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው ጆን ሃርውድ የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነው፤ የፈጠራ መብቱን በስዊስ አገር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ለዚህ ሥራ ያነሣሣው ነገር የኛ አገር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነው። ሃርውድ ለጥገና የሚመጡለትን ሰዓቶች ሲመረምር አቧራና እርጥበት በመሙያው ቀዳዳ እየገባ እንደሚያበላሻቸው ተመለከተ፤ ስለዚህ መሙያውን ከነቀዳዳው ለማስቀረት ሰዓቱ ራሱን የሚሞላበትን መንገድ ፈለገ። እንግዲህ የሃርውድ አውቶማቲክ የተፈጠረው አቧራና እርጥበትን ለመከላከል ነበር ማለት ነው። ዛሬ በገበያችን የሚሸጠው ርካሹ አውቶማቲክ ግን መሙያውም ቀዳዳውም አለው፤ የጀርባ ክዳኑም በቅጡ የተገጠመ አይደለም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድበት በጅማ አገር፥ በበጋ ደግሞ ቀይ አቧራ በሚነሣበት የቡና መንገድ፥ እንዲህ ያለ ሰዓት ምን ያህል ይቆያል?

አጎቴ በአጋሮ አጠገብ የቡና ማሳ አለው። ባለፈው ዓመት ቡናውን እንደ ሸጠ ሁለት አውቶማቲክ ሰዓቶች ገዛና አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አንዱን ለኔ ሰጠኝ። በሁለቱም ፊት ላይ ትንሽ መስኮት አለ፤ በመስኮቱም ያች የምትወዛወዘው መንኰራኵር ትታያለች። በጣም ታምራለች፤ ይህን አልክድም። በክፍል ውስጥ ጓደኞቼ ተራ በተራ እጄን እየያዙ ያዩዋት ነበር። ሰዓቱ በመጀመሪያው ወር ደኅና ሄደ። በሁለተኛው ወር ወደ ኋላ መቅረት ስለ ጀመረ ለአሥር ቀን በየማታው ከስልክ ሰዓት ጋር እያስተያየሁ በደብተሬ ላይ ጻፍሁ፤ በቀን አራት ደቂቃ ያህል ይጎድል ነበር። በግንቦት ጨርሶ ቆመ። የአጎቴ ቀድሞ በመጋቢት ቆሞ ነበር።

ሰዓቱን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሄድሁ። ጀርባውን ከፍተው፥ ማጉያ መነጽራቸውን በዐይናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ካዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ይህ ሰዓት ዘይት የሚባል ነገር አልቀመሰም። የሚዞረው ብረት መቀመጫውን በልቶታል፤ ብናኙ ደግሞ መዘውሮቹ ውስጥ ገብቷል። ልሥራው ብል መለዋወጫ የለውም፤ መለዋወጫ ቢገኝ እንኳ የእጅ ዋጋዬ ከሰዓቱ ይበልጣል።» ገንዘብም አልተቀበሉኝም። እኒህ ሰው የሰዓቱን ሥራ እንጂ የሰዓቱን ስም አላዩም፤ እኔም የሰዓትን ነገር ከልቤ መከታተል የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አጎቴ ግን የቆመውን ሰዓት እስከ ዛሬ ለሠርግና ለለቅሶ ያሥረዋል። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ባዶ እጄን ሰው ፊት መቆም አይሆንልኝም» አለኝ። አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ሰዓት ያሠረ ሰው በኛ አገር ቀጠሮ ያለው፥ ጉዳይ ያለው፥ የሚፈለግ ሰው ነው ተብሎ ይገመታል፤ ዓመቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ሲሠራ የከረመ ገበሬ ይህን ያህል ክብር ለራሱ ቢመኝ ምን ነውር አለበት? የምቃወመው ክብሩን አይደለም። የምቃወመው በዚያው ገንዘብ ክብሩንም ትክክለኛውንም ሰዓት አብሮ ማግኘት ሲቻል ክብሩን ብቻ፥ ያውም ለአራት ወር፥ የሚሸጥለትን ንግድ ነው።

በቀን አራት ደቂቃ ምን አላት የሚልም አለ። በሒሳብ እንየው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፤ አራት ደቂቃ ደግሞ 240 ሰከንድ። ጉድለቱ ከሺህ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም። በፈተና ይህን ያህል ብቻ የሳተ ተማሪ በወላጆች ቀን ተጠርቶ ይሸለማል። ሰዓት ግን በዚሁ ውጤት ወድቋል፤ ምክንያቱም የሰዓት ስሕተት በየቀኑ እየተደመረ ይሄዳል። ሰኞ ጧት ተስተካክሎ የተነሣ ሰዓት ቅዳሜ ጧት ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማለዳ ከመናኸሪያ የሚነሣ መኪና ግን ሃያ ደቂቃ ቆሞ የሚጠብቀው ተሳፋሪ የለም። በረመዳን ወር ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል። በከተማ ውስጥ ያለ ሰው አዛኑን ሰምቶ ጾሙን ይፈታል። ከመስጊድ ርቆ በቡና ማሳ ውስጥ የሚያድረው ሰው ግን የሚያየው እጁን ነው፤ ሰዓቱ የሚሮጥበት ከሆነ ጊዜው ሳይደርስ ያፈጥራል፥ የሚቀርበት ከሆነ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ሱሁሩን ይበላል።

ይሁን እንጂ ነገሩን እንዳላጋንን አንድ ነገር ልጨምር። መጥፎ ሰዓት በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ አይዋሽም። የሁለት ሰዓት ፈተና ደወል ሲደወል ተስተካክሎ የተነሣ ሰዓት፥ በቀን አራት ደቂቃ የሚጎድል ቢሆን እንኳ፥ ፈተናው ሲያልቅ የሚስተው ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። ቡና ቀማሾችም በተፈጨው ቡና ላይ ሙቅ ውሃ ካፈሰሱ በኋላ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቀው ላዩ ላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ሰብረው ያሸቱታል፤ ለዚያች አራት ደቂቃ የኔው ሰዓት እንኳ አንድ ሰከንድ ሙሉ አይሳሳትም ነበር። በደቂቃ ሐቀኛ፥ በሳምንት ውሸታም ልንለው እንችላለን። ከመዘግየቱ ይልቅ የከፋው ግን መቆሙ ነው፤ የሚዘገይ ሰዓት በየጧቱ ይስተካከላል፥ መቼ እንደሚቆም የማይታወቅ ሰዓት ግን ምን ይደረጋል?

ወደ ባትሪው ሰዓት እንለፍ። በውስጡ ኳርትዝ ከተባለ ድንጋይ የተሠራች ትንሽ ቁራጭ አለች። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኛት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰዓቱም ይህን ቆጥሮ ሰከንድ ያወጣል። የሞላ ሰዓት መንኰራኵር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ የምትመታው 6 ወይም 8 ጊዜ ነው። የፊዚክስ መምህራችን እንዳስተማሩን፥ ብዙ ጊዜና በእኩል ልክ የሚንቀጠቀጥ ነገር ጊዜን ለመለካት ይመቻል።

ይህ የባትሪ ሰዓት ግን ሁልጊዜ የድኻ ሰዓት አልነበረም። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አስትሮን የሚባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት በቶኪዮ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ነው። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ትንሽ አውቶሞቢል ይገዛ ነበር። ማንም ሠራተኛ ያሥረው የነበረው የሞላውን ሰዓት ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ትክክለኛው ሰዓት ረክሶ በየሱቁ ሲገኝ፥ የማይጠነቅቀው ደግሞ የሚታይ መንኰራኵር ስላለው ብቻ በተለየ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ ትምህርት ውስጥ አላጋጠመኝም።

ለዚህ አባባሌ ማስረጃ የሚሆኑ ጥቂት ቁጥሮች ላቅርብ። ሲቲዝን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሚዮታ በሚል ስም ለሌሎች ሰዓት ሠሪዎች የሚሸጣቸው ማሽኖች አሉ። ከእነዚህ መካከል 8215 የሚባለው አውቶማቲክ በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ቢሳሳት እንደ ደንቡ ነው ይባልለታል። 2035 የሚባለው የባትሪ ማሽን ደግሞ የሚፈቀድለት ስሕተት 20 ሰከንድ ነው፤ ይኸውም በቀን አይደለም፥ በወር ነው። በስዊስ አገር ተፈትኖ ክሮኖሜትር የሚል የምስክር ወረቀት የሚሰጠው፥ ዋጋው ለኛ የማይቀመሰው የሞላ ሰዓት እንኳ በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ይፈቀድለታል። እንግዲህ ስማቸው የታወቀ ኩባንያዎች ተጨንቀው የሠሩት አውቶማቲክ ይህን ያህል የሚሳሳት ከሆነ፥ ሠሪው የማይታወቀው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ከባትሪ ሰዓቶች መካከል ብዙ ሰው የሚያውቀው ካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ የሚባለው ባለ ቁጥር ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣ ጀምሮ መልኩ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሠራል። ክብደቱ 21 ግራም ብቻ ነው፤ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ አይሳሳትም፤ አንድ ባትሪ ወደ 7 ዓመት ያገለግለዋል፤ የማንቂያ ደወልም አለው። በውጭ አገር ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለ ተወደደ ይህም ለተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም ዋጋው ለሰባት ዓመት ሲካፈል፥ ለአምስት ወር ከሚያገለግለው አውቶማቲክ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አስመስሎ የተሠራው ብዙ ስለሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ቢይዙት የኩባንያው ስም በላቲን ፊደል በመስተዋቱ ላይ ይወጣል፤ ይህ ብቻውን የተሟላ ማስረጃ ባይሆንም ስሙ ካልወጣ ገንዘብን ወደ ኪስ መመለስ ነው። ካሲዮ ይሁን ብዬ የምከራከር አይደለሁም። ቆጣሪ ያለው፥ ፊቱ ነጭ፥ ማሰሪያው ቆዳ የሆነ ተራ የባትሪ ሰዓት ለሠርግም ለለቅሶም ያምራል፤ ለአጎቴም ይኸው እንዲገዛለት ለእናቴ ነግሬያታለሁ።

በክፍላችን የደረሰ አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። አንድ ጓደኛችን በፊቱ ላይ «አውቶማቲክ» የሚል የተጻፈበት ሰዓት ነበረው፤ የሁላችንም ሰዓት ሲዛባ የእርሱ ብቻ ከደወሉ ጋር እኩል ይሄድ ነበር። ብዙ ጊዜም ተመካበት። በኋላ ሰዓቱ ቆመና ቢያስከፍተው በውስጡ የተገኘው የሚዞር ብረት ሳይሆን ባትሪ ነበር። ጽሕፈቱ የተታለለበት፥ ሰዓቱ ግን የተጠቀመበት እርሱ ብቻ ነው። ባትሪው ተለውጦለት አሁንም ይሄዳል።

አሁን ደግሞ የሌሎችን አሳብ እንመልከት። አንዳንድ ተማሪዎች «ስልክ እያለ ሰዓት ምን ያደርጋል» ይላሉ። በትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ተማሪው ስልኩን ይዞ እንዳይገባ ተከልክሏል። ተማሪ ጧት ተነሥቶ፥ ቁርሱን በልቶ፥ በሰዓቱ ለመድረስ የሚረዳው ምንድን ነው? (ወደ ፈተናው አዳራሽ ስለሚገቡ ሰዓቶች የሚሰጠውን መመሪያ ግን እያንዳንዱ አስቀድሞ ይጠይቅ።) ገጠር ያሉ ወላጆች ደግሞ «ባትሪው ሲያልቅ ከየት እናመጣለን፥ ራሱን የሚሞላው ይሻላል» ይላሉ። ይህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ሞላ ከባትሪ ነጻ መሆኑ እውነት ነውና። ሆኖም ባትሪ የሚለወጠው በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ወደ ጅማ ወይም ወደ አጋሮ ገበያ በሁለት ዓመት አንድ ቀን የማይወጣ ቡና አምራች የለም። የተበላሸ አውቶማቲክ ግን ጅማም አዲስ አበባም ቢወሰድ የሚሠራው አይገኝም።

ሦስተኛው አሳብ የአባቶች ነው። «በኛ ጊዜ የነበረው ሰዓት ሠላሳ ዓመት ይሄድ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ የሞላ ሰዓት የሚፈልግ ሰው አሮጌ ደኅና ይግዛ ያልሁት ከእነርሱ ተምሬ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው ሴይኮ 5 አውቶማቲክ ነው፥ ለተራ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው፥ ግን በጥንቃቄ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ያገለገለ ሰዓት ከመንገድ ሳይሆን ሱቅና አድራሻ ካለው ሰዓት ሠሪ ዘንድ መግዛት ይገባል። ፊቱ እንደ አዲስ ከሚያበራው ይልቅ ትንሽ የደበዘዘው ይታመናል፤ አሮጌውን ፊት በአዲስ ቀለም ቀብተው የሚሸጡ አሉና። ቀብድ ከፍሎ አንድ ሳምንት አሥሮ ማየትን የሚፈቅድ ሰዓት ሠሪ ቢገኝ በጣም ጥሩ ነው። ዘይቱ ስለሚደርቅ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ተከፍቶ መታጠብና መቀባት አለበት። ይህ ሥራ የከተማችንን ሰዓት ሠሪዎች እንጀራ ያበላል፤ ርካሹ አውቶማቲክ ግን ሥራ የሚሰጣቸው እየመሰለ «አይሠራም» እያሉ እንዲመልሱ ብቻ ያደርጋቸዋል።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ላላቸው ደግሞ የምለው አለኝ፤ የብዙ አውቶማቲክ ጥርስ የሚሰበረው በዚህ ይመስለኛል። የሰዓቱ ቀን ቆጣሪ እስከ 31 ይቆጥራል፤ የኛ ወር ግን 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ቀን፥ ጳጕሜን 5 ሲያልቅ ደግሞ ሃያ ስድስት ቀን ወደ ፊት መግፋት አለብን። ሆኖም ቀኑ በሚለወጥበት 12 ሰዓት ግራና ቀኝ፥ ማለት ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለበት ጊዜ፥ የቀኑ ጥርሶች ተያይዘው ስለሚቆዩ በእጅ መግፋት አይገባም። ፈረንጆች ይህን ሲጽፉ ሌሊት ስለሆነ አይቸገሩም፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቷል። እኛ ግን ሰዓታችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልተን ቀኑ ንጋት ላይ እንዲለወጥ ካደረግን፥ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ይሆንና ልክ ክፍል ገብተን ሰዓታችንን በምንነካካበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ከቀትር በኋላ ቢነኩት ምንም አይሆንም። ባለ ቁጥሩ የካሲዮ ሰዓት ወሩን በፈረንጅ ስለሚቆጥር በዚህ በኩል ለኛ አይመችም፤ እኔ ቀኑን ከቀን መቁጠሪያ ላይ አያለሁ።

ሱቅ በደረቴውን በዚህ ጽሑፍ እንደ ወቀስሁ አይቈጠርብኝ። እርሱም ከአዲስ አበባ መርካቶ በደርዘን የመጣለትን ይሸጣል፤ ገዢው «አውቶማቲክ አለህ ወይ» እያለ ሲጠይቀው «የለኝም» ብሎ ገበያውን አይመልስም። ጥያቄው ከተለወጠ ሣጥኑም ይለወጣል። «ማሽኑ የየት አገር ነው፥ ባትሪው ስንት ዓመት ይሄዳል፥ ቢቆም የት አገኝሃለሁ» ብለን መጠየቅ እንጀምር። ወላጆቻችንም ለልጅ ሰዓት ሊገዙ ሲያስቡ ልጁን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፤ ልጁ የሰከንድ ቆጣሪውን ማየት ይችላል። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ዘለል እያለ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ነው፤ ሳያቋርጥ እንደሚንሸራተት ሆኖ የሚሄደው የሞላ ነው።

የቆሙትን ሰዓቶች በተመለከተ ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ተነጋግረናል። ሞላ፥ መዘውር፥ መወዛወዝ እየተባለ በሰሌዳ ላይ ከሚሣልልን አንድ የቆመ አውቶማቲክ ተከፍቶ ቢታይ ይበልጥ ይገባናል። ስለዚህ በቤተ ሙከራው በር አጠገብ የካርቶን ሣጥን አስቀምጠናል፤ በቤቱ የቆመ ሰዓት ያለው ተማሪ ወይም ወላጅ እንዲያመጣልን እንለምናለን። እስካሁን አራት ገብተዋል፤ በሦስቱ ላይ «አውቶማቲክ» የሚል ተጽፎባቸዋል። የጎደለን ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ነው፤ ያለው ሰው ለሁለት ሳምንት ቢያውሰን በደኅና እንመልሳለን።